ያልተተረጎመው ክፍል የሚናገረው፦ የዕድገት ፕሮቲኖች መጠን በመልእክተኛ አር ኤን ኤ ጫፎች ላይ እንዴት እንደሚወሰን

የተከበራችሁ አድማጮች፣

ንግግሬን በአይጥ ግልገሎች ዓይን ልጀምር። አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ስታንሊ ኮኸን ከአይጥ የምራቅ ዕጢ የወጣ ጭማቂ ገና ለተወለዱ የአይጥ ግልገሎች ሲወጉ ያልጠበቁትን ነገር ተመለከቱ። እንደ ወትሮው ከ12 እስከ 14 ቀን ድረስ ተከድኖ የሚቆየው የግልገሎቹ ዓይን በ7ኛው ቀን ገደማ ተገለጠ፤ የፊት ጥርሳቸውም ከጊዜው ቀድሞ ወጣ። ኮኸን ይህን ያደረገውን ፕሮቲን ከጭማቂው ለይተው አወጡ። ከእርሳቸው ጋር ይሠሩ የነበሩት ጣሊያናዊቷ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ቀደም ብለው የነርቭ ሕዋሳትን የሚያሳድግ ሌላ ፕሮቲን አግኝተው ስለነበር፣ ሁለቱ ሊቃውንት በ1986 የኖቤል ሽልማትን አብረው ተቀበሉ። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ ታሪክ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነጥብ፣ ግልገሎቹ ለአካላቸው ባዕድ የሆነ ነገር አለመወጋታቸው ነው። ያ ፕሮቲን የራሳቸው አካል የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። የተለወጠው መጠኑና ጊዜው ብቻ ነበር፤ መጠኑና ጊዜው ሲለወጡ ግን አካል ተራውን ሳተ። የዕድገት ቀስቃሽ ፕሮቲኖች ሁሉ ጠባይ ይህ ነው። እጅግ በጥቂቱ ይሠራሉ፤ ሲያንሱ ቁስል አይድንም፣ ደም ሥር አይዘረጋም፣ መቅኔ ደም አያመርትም፤ ሲበዙ ደግሞ ሕዋስ ያለ ልክ ይራባል። ስለዚህ አንድ ሕዋስ የእነዚህን ፕሮቲኖች አሠራር ማወቁ ብቻውን አይበቃውም፤ ስንት መሥራት እንዳለበትም ማወቅ አለበት። ዛሬ ላስረዳችሁ የምሞክረው፣ የዚህ ልኬት ትልቅ ድርሻ የተጻፈው ወደ ፕሮቲን በማይተረጎመው የመልእክቱ ክፍል ላይ መሆኑን ነው።

የሕዋሱ የውርስ ጽሑፍ በኒውክለሱ ውስጥ በዲ ኤን ኤ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ፕሮቲን የሚሠራው ግን ከኒውክለሱ ውጭ፣ ራይቦዞም በሚባለው የሕዋስ ማሽን ላይ ነው። በሁለቱ መካከል የሚሄደው ግልባጭ በ1961 በሙከራ የተረጋገጠው መልእክተኛ አር ኤን ኤ ነው። ይህ ግልባጭ ኤ፣ ዩ፣ ጂ እና ሲ በተባሉ አራት ፊደሎች የተጻፈ ረጅም ክር ሲሆን፣ ራይቦዞሙ በመካከሉ ያለውን ክፍል ሦስት ሦስት ፊደል እያደረገ ያነበዋል፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ፊደልም ፕሮቲን የሚገነባበትን አንድ ጡብ፣ አሚኖ አሲድ የሚባለውን፣ ይሰካል። ንባቡ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ኤዩጂ ከሚለው ቃል ነው። ከዚህ መነሻ በፊት ያለው የክሩ ክፍል፣ እንዲሁም ንባቡ ካበቃ በኋላ እስከ ክሩ መጨረሻ ያለው ክፍል፣ ወደ አሚኖ አሲድ አይለወጡም። የፊተኛው አምስት ፕራይም የማይተረጎም ክፍል፣ የኋለኛው ሦስት ፕራይም የማይተረጎም ክፍል ይባላሉ፤ እኔ ለአነጋገር እንዲቀለን መግቢያና መውጫ እላቸዋለሁ። ከመግቢያው ፊት እንደ ቆብ የተደፋ አንድ የተለየ ፊደል አለ፤ ከመውጫው በኋላ ደግሞ ኤ የሚለው ፊደል ብቻ የሚደጋገምበት ረጅም ጅራት ተቀጥሏል።

በመማሪያ መጻሕፍት ሥዕሎች ላይ የሚተረጎመው ክፍል በወፍራም ሳጥን፣ ሁለቱ ጫፎች በቀጭን መስመር ይሣላሉ። ይህ አሣሣል ለተማሪ የሚያስተላልፈው ስሜት ቀላል አይደለም፤ ዋናው ነገር በሳጥኑ ውስጥ እንዳለና መስመሮቹ ማያያዣ ብቻ እንደሆኑ አድርጎ ያሳምናል። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲያ ነበር የተረዳሁት። ያን አመለካከት ለማቃናት የሚረዳኝ የቀድሞው የአማርኛ ደብዳቤ ነው። ወላጆቻችን ደብዳቤ ሲጽፉ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ አይገቡም ነበር። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» የሚለው ሰላምታ ረዘም ብሎ ይቀድማል፣ ከጉዳዩም በኋላ ሰላምታና ማሳሰቢያ ይከተላል። ሰላምታው ጉዳዩን አይናገርም፤ ነገር ግን ተቀባዩ ጉዳዩን በምን ሁኔታ፣ በምን ችኮላ፣ በምን ጥንቃቄ እንደሚቀበለው የሚወስነው እርሱ ነው። የመልእክተኛ አር ኤን ኤ መግቢያና መውጫ የሚሠሩት ሥራ ከዚህ ጋር ይቀራረባል።

ራይቦዞሙ መነሻውን እንዴት እንደሚያገኝ በዝርዝር ያስረዱት አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማሪሊን ኮዛክ ናቸው። ከ1978 ጀምረው ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ የራይቦዞሙ ትንሹ ክፋይ በቆቡ በኩል ክሩ ላይ ይሳፈርና ፊደል በፊደል እየዳሰሰ ወደፊት ይጓዛል፤ ተስማሚ በሆነ አካባቢ የተቀመጠ የመጀመሪያውን ኤዩጂ ሲያገኝ ቆሞ ንባቡን ይጀምራል። ይህ ከሆነ የመግቢያው ቅርጽ ጉዞውን ያፋጥነዋል ወይም ያሰናክለዋል ማለት ነው። መግቢያው አጭርና የተዘረጋ ከሆነ ራይቦዞሙ በቀላሉ ይደርሳል። መግቢያው ረጅም፣ ጂ እና ሲ የበዙበት ከሆነ ግን ክሩ በራሱ ላይ እየታጠፈ ጠንካራ ቋጠሮ ይፈጥራል፤ ራይቦዞሙም ቋጠሮውን የሚፈቱ ረዳት ፕሮቲኖች እስኪመጡለት ይጠብቃል። ከዚህም ሌላ ከእውነተኛው መነሻ በፊት ሐሰተኛ ኤዩጂዎች በመግቢያው ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ራይቦዞሙ በእነዚህ ላይ ሲቆም ምንም የማይጠቅም አጭር ሰንሰለት ሠርቶ ይወርዳል፣ ወደ እውነተኛው መነሻ የሚደርሰውም ጥቂቱ ብቻ ይሆናል።

አሁን ሁለት መልእክቶችን እናነጻጽር። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከሚሠሩት ሰንሰለቶች አንዱ ቤታ ግሎቢን ነው፤ የሰው ቤታ ግሎቢን መልእክት መግቢያ 50 ፊደል ብቻ ነው። ሕዋሱ ይህን ፕሮቲን በገፍ ይፈልገዋልና በሩን ክፍት አድርጎ ጽፎታል። በሌላ በኩል ደም የሚያረጉት ፕሌትሌት የተባሉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች በቁስል ቦታ የሚለቁትና ሕዋሳትን ለጥገና የሚያስነሣው የዕድገት ፕሮቲን አለ፤ የዚህ ፕሮቲን ቢ የተባለው ሰንሰለት መልእክት መግቢያው ከ1,000 ፊደል በላይ ነው፤ በጂ እና በሲ የተሞላ ነው፤ ሐሰተኛ መነሻዎችም አሉበት። በ1988 የታተመ ጥናት ይህ መግቢያ ትርጉሙን አጥብቆ እንደሚገታ፣ ሲቆረጥ ግን የፕሮቲኑ ምርት እጅግ እንደሚጨምር አሳየ። ግሎቢኑ እንግዳውን በር ከፍቶ ሲቀበለው፣ የዕድገት ፕሮቲኑ መልእክት ራይቦዞሙን ደጅ ያስጠናዋል። ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። የደም ሥር ዕድገትን፣ የነርቭን፣ የመቅኔን ቀስቃሽ ፕሮቲኖች ብትመለከቱ ረጃጅም መግቢያዎች በተደጋጋሚ ይገኙባቸዋል።

የዚያው የፕሌትሌት ዕድገት ፕሮቲን ታሪክ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ይዟል። በ1983 ተመራማሪዎች በጦጣ ላይ ካንሰር የሚያመጣ አንድ ቫይረስ የተሸከመውን ዘረመል ከዚህ ፕሮቲን ጋር ሲያስተያዩ እጅግ ተመሳሳይ ሆኖ አገኙት። ቫይረሱ በጥንት ዘመን ከጦጣ ሕዋስ ዘረመሉን ወስዶ የራሱ አድርጎታል ማለት ነው። ሲወስደው ግን ረጅሙን መግቢያ የያዘውን የመጀመሪያ ክፍል ትቶ፣ ፕሮቲኑን የሚጽፈውን ክፍል ከራሱ ትእዛዝ ጋር ቀጠለው። ለዕጢው መፈጠር የመግቢያው መቅረት ብቻውን ምክንያት ነው አልልም፤ ቫይረሱ ዘረመሉን ያለ ማቋረጥ ማስገልበጡ ራሱ ከባድ ኃይል ነው። ሆኖም ልጓሙ ቀርቶ ፈረሱ ብቻ መወሰዱ ሊዘነጋ አይገባም።

እስካሁን የተናገርሁት በአብዛኛው በቤተ ሙከራ የታየ ነው። ያልተተረጎመው ክፍል በሰው ሕይወት ላይ ያለውን ሥልጣን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ግን የትሮምቦፖይቲን ነገር ነውና በእርሱ ላይ ጥቂት ልቆይ።

ትሮምቦፖይቲን በዋናነት በጉበት የሚሠራ የዕድገት ፕሮቲን ነው። በመቅኔ ውስጥ ሜጋካርዮሳይት የሚባሉ ግዙፍ ሕዋሳት እንዲራቡና ፕሌትሌት እንዲያፈሩ ያዛል። ፕሌትሌት ደም ሲፈስ ተጣብቆ የሚያረጋው ጥቃቅን የደም ክፍል ሲሆን፣ በጤነኛ ሰው አንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ያህል ይገኛል። ቁጥሩ የሚጠበቅበት ዘዴ አስደናቂ ነው። ጉበት ፕሮቲኑን በአብዛኛው በአንድ ዓይነት ፍጥነት ያንጠባጥባል፤ ፕሌትሌቶች ደግሞ በላያቸው ባለው መቀበያ እየያዙ ከደም ውስጥ ያስወግዱታል። ፕሌትሌት ሲበዛ ፕሮቲኑ ስለሚጠጣ መቅኔው ትእዛዝ ያጣና ያርፋል፤ ፕሌትሌት ሲያንስ ፕሮቲኑ ሳይነካ መቅኔ ይደርስና ሥራውን ያስነሣል። ይህ ሚዛን የሚጸናው ግን ከጉበት የሚንጠባጠበው መጠን ጥቂት ሆኖ እስከ ቆየ ድረስ ነው። ጠብታው ወደ ፈሳሽነት ከተለወጠ ፕሌትሌቶቹ ጠጥተው አይጨርሱትም።

ጠብታውን ጠብታ አድርጎ የሚያቆየው መግቢያው ነው። በትሮምቦፖይቲን መልእክት ላይ ከእውነተኛው መነሻ በፊት ሰባት ሐሰተኛ ኤዩጂዎች አሉ። በተለይ ሰባተኛው ክፉኛ የተቀመጠ ነው፤ ከእርሱ የሚጀምረው ንባብ ከእውነተኛው መነሻ በፊት አያበቃም፣ በሌላ የፊደል አከፋፈል እያነበበ እውነተኛውን መነሻ አልፎት ይሄዳል። በሰባተኛው ላይ የቆመ ራይቦዞም ስለዚህ ትሮምቦፖይቲንን ሳይሠራ ያልፋል። በ1998 በስዊዘርላንድ ራዴክ ስኮዳና ባልደረቦቻቸው እነዚህ ሐሰተኛ መነሻዎች የፕሮቲኑን ምርት አጥብቀው እንደሚገቱ በሙከራ አረጋገጡ።

በዚያው ዓመት እነዚሁ ተመራማሪዎች የአንድ የኔዘርላንድ ቤተሰብን ነገር ይፋ አደረጉ። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ የፕሌትሌት መብዛት ነበረ፤ የታመመ ወላጅ ልጅም ሕመሙን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። እንዲህ ያለው መብዛት ደም ረግቶ ደም ሥርን የመዝጋት አደጋ ያመጣል። የቤተሰቡ አባላት በደማቸው ውስጥ ብዙ ትሮምቦፖይቲን ነበራቸው። ተመራማሪዎቹ ዘረመሉን ሲያነቡ ያገኙት አንዲት ጂ በሲ መተካቷን ነው፤ የተተካችውም ግልባጩ ከመተርጎሙ በፊት የማይፈለገው ክፍሉ ተቆርጦ የቀረው በሚቀጠልበት ድንበር ላይ ነበር። በዚህች አንዲት ፊደል ምክንያት ቆራጩ ቦታውን ስቶ መግቢያውን አሳጠረው፤ ካጠረው መግቢያም ጋር ልጓሙ ወደቀ። የሚሠራው ፕሮቲን ትሮምቦፖይቲን ነው፤ በሽታው መጠኑ ነው።

ከጃፓን የተገኘው ሌላ ቤተሰብ ይበልጥ የሚያስገርም ነው። በእነርሱ ዘንድ ከመግቢያው አንዲት ጂ ጠፍታለች። አንድ ፊደል ሲጎድል ሦስት ሦስት እየተባለ የሚቆጠረው ንባብ በአንድ ይዛነፋል፤ ያ መዛነፍ የሰባተኛውን ሐሰተኛ መነሻ አከፋፈል ከትሮምቦፖይቲኑ አከፋፈል ጋር አጋጠመው። ትናንት ራይቦዞሙን ያሳስት የነበረው በር ዛሬ ወደ ፕሮቲኑ የሚያስገባ ሆነ። በሁለቱም ቤተሰቦች የሚታየው የበሽታ ምንጭ አንድ ዓይነት ነው፦ ትርጉሙን የሚገታው ነገር ተወገደ።

እዚህ ላይ ለሕክምና ባለሙያዎች በግልጽ የምለው አለኝ። ዛሬ የውርስ በሽታን ለመመርመር በብዛት የምንጠቀምበት ዘዴ ወደ ፕሮቲን የሚተረጎሙትን ክፍሎች ብቻ እየመረጠ የሚያነብ ነው። ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ተመርጧል፤ ምርጫውም ምክንያት አለው። ነገር ግን የጃፓኑን ቤተሰብ ደም ወስዳችሁ ወፍራሙን ሳጥን ብቻ ብታነቡ «ዘረመሉ ጤነኛ ነው» የሚል ውጤት ትጽፋላችሁ። ቤተሰቡም መልስ ሳያገኝ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ እኔን በእውነት ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም መልሱ ከሳጥኑ ጥቂት ፊደሎች ብቻ ርቆ ተጽፎ ነበር።

መግቢያው ሁልጊዜ የሚገታ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትወስዱት። በችግር ጊዜ የሚከፈት የጓሮ በር ሊሆንም ይችላል ተብሏል። አንድ ዕጢ ወይም የተጎዳ የልብ ጡንቻ ኦክስጅን ሲያጣ ሕዋሱ አብዛኛውን የፕሮቲን ሥራ ይቀንሳል፤ በቆቡ በኩል የሚደረገው መሳፈር ይዳከማል። ነገር ግን አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል የሚያደርገው ቪ ኢ ጂ ኤፍ የተባለው ፕሮቲን የሚያስፈልገው በዚያው ሰዓት ነው። የሰው ቪ ኢ ጂ ኤፍ መልእክት መግቢያ ከ1,000 ፊደል ይበልጣል፤ በ1998 የታተሙ ከአንድ በላይ ጥናቶች ራይቦዞሙ በቆቡ በኩል ሳይመጣ በመግቢያው መካከል በቀጥታ ሊሳፈር እንደሚችል የሚያመለክቱ ሙከራዎችን አቀረቡ። የማያያዣ አካል ሕዋሳትን ለሚቀሰቅሰው ሁለተኛው የፋይብሮብላስት ዕድገት ፕሮቲንም ተመሳሳይ ሐሳብ ቀርቧል። ይህኛው ደግሞ ከአንድ መልእክት አምስት ፕሮቲን ያወጣል፤ አራቱ ሲዩጂ ከሚሉ ያልተለመዱ መነሻዎች ይጀምራሉ፣ አምስተኛውና ትንሹ ብቻ ከኤዩጂ ይጀምራል። ትንሹ ከሕዋሱ ወጥቶ ጎረቤቶቹን ሲቀሰቅስ፣ ረጃጅሞቹ ወደ ኒውክለሱ ይገባሉ። ራይቦዞሙ የት እንደ ቆመ የፕሮቲኑን መኖሪያና ሥራ ጭምር ይወስናል ማለት ነው።

ስለ ጓሮ በሩ ግን ያለ ጥንቃቄ መናገር አይገባም። ቀደም ብዬ የጠቀስኋቸው ማሪሊን ኮዛክ በዚህ ሐሳብ ላይ ጠንካራ ትችት አቅርበዋል። የሚመረመረው መግቢያ በሙከራው ውስጥ ሳይታሰብ አዲስ የግልበጣ መነሻ ሆኖ ቢያገለግል፣ ወይም ግልባጩ ተቆርጦ ቢቀጠል፣ በመካከሉ የተሳፈረ ራይቦዞም ያለ ይመስላል እንጂ በእውነቱ የተለመደው በቆብ በኩል መሳፈር ነው ብለዋል። በእኔ አስተያየት ትችቱ ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው የወደቀው፤ በርካታ የቆዩ ሙከራዎችን እንደገና ማየት ግድ አድርጓል። በቫይረሶች ላይ የታየው የመካከል መሳፈር ጽኑ ማስረጃ አለው፤ በዕድገት ፕሮቲኖች ላይ የቀረበው ግን መልእክት በመልእክት መመዘን ያለበት ነው። «ይቆጣጠራል» ከማለት ይልቅ «ሊቆጣጠር ይችላል» የምንልባቸው ቦታዎች እንዲህ ያሉት ናቸው።

ወደ መውጫው እንለፍ። መግቢያው ራይቦዞም ስንት ጊዜ እንደሚሳፈር ሲወስን፣ መውጫው በአብዛኛው መልእክቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚኖር ይወስናል። በ1986 ግሬይ ሾውና ሮበርት ካመን የሠሩት ሙከራ ቀላልነቱ ሁልጊዜ ያስደስተኛል። ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚያበዛው ጂ ኤም ሲ ኤስ ኤፍ የተባለው የዕድገት ፕሮቲን መልእክት በሕዋስ ውስጥ ቶሎ ይጠፋል። በመውጫው ላይም ኤ እና ዩ እየተፈራረቁ የበዙበት፣ ኤዩዩዩኤ የሚለው ቃል የሚደጋገምበት ቦታ አለ። ተመራማሪዎቹ ከዚያ 51 ፊደል ወስደው በረጅም ዕድሜው በሚታወቀው የጥንቸል ቤታ ግሎቢን መልእክት መውጫ ላይ ሰኩት። ጽኑ የነበረው ግሎቢን በአንድ ጊዜ አላፊ ሆነ። የሚተረጎመው ክፍል አልተነካም፤ የተነካው ዕድሜው ነው።

ያን የፊደል ድርድር የሚያነበው ማን ነው? ከአንባቢዎቹ አንዱ ትሪስቴትራፕሮሊን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ በቦታው ላይ ተጣብቆ የመልእክቱን የኤ ጅራት የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን ይጠራል፣ ጅራቱ ያለቀበት መልእክትም ይፈርሳል። በአሜሪካ ፔሪ ብላክሺርና ባልደረቦቻቸው በ1996 ይህ ፕሮቲን የሌላቸውን አይጦች አሳደጉ። አይጦቹ ሲወለዱ ደኅና ይመስሉ ነበር፤ ቆይተው ግን ከሱ፣ መገጣጠሚያቸው ተቆጣ፣ በመቅኔያቸውም የነጭ ደም ሕዋሳት ያለ ልክ በዙ። የሚበዛው ጉዳት የመጣው የአካል መቆጣትን ከሚያስነሣው ቲ ኤን ኤፍ ከተባለው ፕሮቲን ነበር፤ የእርሱም መልእክት መውጫ በኤ እና በዩ የተሞላ ነው። በኋላም የጂ ኤም ሲ ኤስ ኤፍ መልእክት በእነዚህ አይጦች ሕዋሳት ውስጥ ከልኩ በላይ እንደሚቆይ ታየ።

መውጫው አፍራሽ ብቻ ሳይሆን ጠባቂም አለው። የቪ ኢ ጂ ኤፍ መልእክት ኦክስጅን በበቃበት ሕዋስ ውስጥ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ኦክስጅን ሲጎድል ግን ኤች ዩ አር የተባለ ፕሮቲን በመውጫው ላይ ተጣብቆ ከመፍረስ ይጠብቀዋል፤ የመልእክቱ ዕድሜም ይረዝማል። አንዱ መውጫ በአንድ ወቅት የአፍራሹ፣ በሌላ ወቅት የጠባቂው መቆሚያ ይሆናል።

በመውጫው ላይ የሚያነቡት ፕሮቲኖች ብቻ አይደሉም። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን በ1993 በትንሽ ትል ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ሃያ ሁለት ያህል ፊደል ያላቸው ደቃቅ አር ኤን ኤዎች በመልእክት መውጫ ላይ ተገጣጥመው ትርጉሙን እንደሚያቆሙ ተገለጠ፤ በ2024 ለዚህ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ይህ ነገር ከዕድገት ፕሮቲን ጋር የተገናኘበት ከሁሉ የምወደው ምሳሌ በግ ነው። ቴክሰል የሚባለው የበግ ዝርያ መነሻው የኔዘርላንድ ቴክሰል ደሴት ሲሆን፣ በጡንቻው ግዝፈት የታወቀ ነው። ጡንቻን ከልክ በላይ እንዳያድግ የሚያግደው ማዮስታቲን የተባለው ፕሮቲን ነው፤ እርሱም ከዕድገት ፕሮቲኖች ቤተሰብ ነው፣ ሥራው ግን ማሳደግ ሳይሆን ማስቆም ነው። በቤልጅየም ሊዬዥ የሚሼል ጆርጅ ቡድን በ2006 የበጉን የማዮስታቲን ዘረመል ሲያነብ የሚተረጎመው ክፍል ከሌሎች በጎች የተለየ ሆኖ አላገኘውም። ልዩነቱ በመውጫው ላይ አንዲት ጂ ወደ ኤ መለወጧ ነበር። በዚህች ለውጥ በጡንቻ ውስጥ በብዛት የሚገኙ ሁለት ደቃቅ አር ኤን ኤዎች የሚያርፉበት አዲስ ቦታ ተፈጠረ፤ እነርሱም የማዮስታቲኑን ትርጉም ቀነሱት፣ ጡንቻውም ገዘፈ። አርቢዎች ለብዙ ትውልድ ሥጋው የሞላውን በግ እየመረጡ ሲያራቡ ሳያውቁት ይመርጡት የነበረው በማይተረጎም ክፍል ላይ የተጻፈች አንዲት ፊደል ነበረች።

ካንሰር እነዚህን ሁለት ጫፎች በሁለቱም በኩል ያጠቃል። በካናዳ የናሆም ሶነንበርግ ቡድን በ1990 እንዳሳየው፣ በቆቡ ላይ የሚይዘው ረዳት ፕሮቲን በሕዋስ ውስጥ እንዲበዛ ሲደረግ ብቻ ሕዋሱ የካንሰር ጠባይ ያመጣል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ እንደ ግሎቢን ያለ መግቢያ ያለው መልእክት ቀድሞም የጎደለው የለም፣ ተጠቃሚ የሚሆነው ደጅ ሲጠና የኖረው ነው፤ ያም የዕድገት ፕሮቲኖችና የሕዋስ መራቢያ ትእዛዞች መልእክት ነው። በአንዳንድ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ ደግሞ ሦስተኛው ቲ ጂ ኤፍ ቤታ የተባለው የዕድገት ፕሮቲን መልእክት ከተለመደው ባጠረ መግቢያ ተገልብጦ፣ በተሻለ ፍጥነት ሲተረጎም ተገኝቷል። በመውጫው በኩልም በ2009 ክሪስቲን ማይርና ዴቪድ ባርቴል የካንሰር ሕዋሳት ብዙ መልእክቶችን በአጭር መውጫ እንደሚያዘጋጁ አሳዩ፤ መውጫው ሲያጥር የደቃቅ አር ኤን ኤዎቹ ማረፊያ አብሮ ይቆረጣል፣ ፕሮቲኑም ይበዛል። ካንሰር የፕሮቲኑን ጽሑፍ ሳይነካ መጠኑን ብቻ ሊያበላሽ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

ይህን ዕውቀት ለመድኃኒት መጠቀም ተጀምሯል። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን በ2005 የተለወጡ ፊደሎች ያሉት መልእክተኛ አር ኤን ኤ የሰውነትን መከላከያ ሳያስቆጣ ሊሠራ እንደሚችል አሳዩ፤ የ2023 የኖቤል ሽልማትም ተሰጣቸው። በኮቪድ ወቅት የፋይዘርና ባዮንቴክን ክትባት የወሰዳችሁ ሁሉ በክንዳችሁ የገባው መልእክት መግቢያው የተቀዳው ከሰው አልፋ ግሎቢን ነው። ዓላማው የቫይረሱን ፕሮቲን ለአጭር ጊዜ በብዛት ማሠራት ስለነበር፣ አዘጋጆቹ በሩ ክፍት የሆነውን መግቢያ መረጡ።

የዕድገት ፕሮቲንን በዚህ መንገድ መስጠት ሲታሰብ ግን ጥያቄው ይከብዳል። በ1998 በአይጥ ጡንቻ ውስጥ ቪ ኢ ጂ ኤፍን ሳያቋርጡ የሚያመርቱ ሕዋሳት ሲተከሉ የበቀለው ጤነኛ የደም ሥር ሳይሆን የተወሳሰበ የደም ሥር ዕጢ ነበር። የልብ ደም ሥር ማዞሪያ ቀዶ ሕክምና በሚደረግላቸው ሰዎች ላይ የተጀመረው ሙከራ ስለዚህ ሌላ መንገድ ይዟል፤ የቪ ኢ ጂ ኤፍ መልእክተኛ አር ኤን ኤ በልብ ጡንቻ ውስጥ ይወጋል፣ ፕሮቲኑ ለጥቂት ቀናት ይሠራል፣ ከዚያ መልእክቱ ይፈርሳል። ሙከራው በጥቂት ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ በዋናነት ደኅንነቱን መርምሯል። ወደፊት በዚህ መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ስንት ፕሮቲን፣ ለስንት ቀን የሚለውን መወሰን አለባቸው፤ ይህን የሚጽፉትም በመግቢያውና በመውጫው ፊደሎች ነው።